ዝግ ወይስ ዝጊ

በሩ ሲሰበር ውሃው ከሰውየው ቀድሞ ወጣ። በደረጃው ሥር ያለችውን ጠባብ መተላለፊያ ሞልቶ፣ ልጇን ተከትላ የወረደችውን እናት እስከ ጉልበቷ አረጠባት። ከውሃው ኋላ ጋሼ መጡ፤ በፊታቸው ተደፍተው፣ ምርኩዛቸውን እንደጨበጡ።

«እማ፣ ወደ ላይ ውጪ። አትዪ» አለ ልጇ፣ በሩን የፈለቀቀበትን ብረት ጥሎ ሰውየውን ለማንሣት እየታገለ።

እሷ ግን አየች። የበሩን ውስጠኛ ገጽ ነበር ያየችው። ምርኩዙ የደበደበው ቦታ ሁሉ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ አግጥጧል። በሩ አልተቆለፈም። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ስለሆነ፣ ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር ከመቃኑ ጋር እያጣበቀው ሄዷል። አንድ እግራቸው የማይታዘዝላቸው ሽማግሌ ስበው የሚያሸንፉት አልነበረም።

ጋሼ ከመሬት በታች ባለችው ጠባብ ክፍል የሚኖሩ የቤቱ ባለቤት ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዕድሜያቸውን የፈጁት ከፍሳሽ ጋር ሲዋጉ ነው። መንገዱ ዝቅተኛ ስለሆነ ዝናብ በበረታ ቁጥር የከተማው የፍሳሽ መስመር ይሞላና ወደየቤቱ ይመለሳል። ጋሼ ግቢያቸው ውስጥ ማንሆል አስቆፍረው፣ በቤቱና በመንገዱ መስመር መካከል ቫልቭ አስገቡ። የሠራላቸው የእናትየው ልጅ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ነው። ዝናብ ሲመጣ ክቡን እጀታ አዙሮ መዝጋት፣ ሲያባራ መክፈት። ደረጃው አጠገብ ምስማር ላይ የተሰቀለች ቆርቆሮ አለች፤ በአንድ ወገን «ክፍት»፣ በሌላው ወገን «ዝግ» ተጽፎባታል። ቆርቆሮዋ «ዝግ» ካለች በቤቱ ውስጥ አንድ ጭልፋ ውሃ አይደፋም፤ መውጫ የለውማ። ጋሼ ይህን ሕግ ለእህታቸው፣ ለተከራዮቻቸው፣ ለእንግዳ ሳይቀር ሲያስተምሩ ኖሩ። ሰፈሩ በሌሉበት «ጋሼ ፍሳሽ» ይላቸዋል። ያውቁ ነበር። «ስም ከሚወጣብኝ ፍሳሽ ቢወጣብኝ ይብሳል» ብለው ይስቃሉ። አንተና አንቺ የማያውቁ፣ ድመቷን እንኳ «እስቲ ከወንበሬ ይነሡልኝ» የሚሉ ሰው ነበሩ።

አሁን ሬሳቸው በአንሶላ ተሸፍኖ መተላለፊያው ላይ ተጋድሟል። መንገዱ ወንዝ ስለሆነ አምቡላንሱ አልደረሰም። አንድ ፖሊስ የግቢውን በር ያዘ፤ ሌላው፣ ጸሐፊው፣ ሳሎን ገብቶ መዝገቡን ዘረጋ። መስኮቱ ሁሉ የብረት ፍርግርግ ነው። አራት ሰዎች ወጥተው የሚሄዱበት አጥተው እርስ በርስ ተፋጠጡ፦ ላይኛው ፎቅ የሚኖሩት የጋሼ እህት፣ ቤቱ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው፤ መሬት ላይ ካሉት ክፍሎች አንዱን የተከራየው መምህር፤ ሌላውን የተከራዩት እናትና ልጅ። እናትየው የሰው ልብስ አጥባና ተኩሳ የምታድር ሴት ናት።

ቀድመው የተናገሩት እትዬ ናቸው። «ቆርቆሮዋን እዩዋት፤ ዝግ ትላለች። ማንሆሉንም ይኸው ልጅ ራሱ ከፍቶ አይቶታል። ተዘግቶ ነው የተገኘው አይደል፣ አንተ?»

«አዎ፣ ዝግ ነው» አለ ልጁ።

«ተዘግቶ ፍሳሽ ካሳለፈ ቫልቩ የውሸት ነው። ወንድሜን የገደለው የዚህ ልጅ ሥራ ነው።» ከዚያ ወደ እናትየው ዞረው፣ «አንቺ፣ ያንን ፎጣ አቀብዪኝ። እግሬ በሰበሰ» አሉ።

ጸሐፊው ፖሊስ የተባለውን ጻፈ። ለልጁም፣ «መንገዱ ሲከፈት ከኛ ጋር ትሄዳለህ» አለው።

እናትየው ፎጣውን አቀብላ ፊቷን ከልጇ አዞረች። ቫልቩን ያዞረችው እሷ ናትና።

እስካሁን ለማንም አልተናገረችም። ብትናገር ገደል፣ ዝም ብትል ገደል። ከተናገረች ገዳይዋ እሷ ልትሆን ነው፤ ዝም ካለች ልጇ። ከሁለቱም የከፋው ግን ይህ ነበር፦ የማነብ መስሎኝ ሰው ገደልኩ።

መርማሪዋ ቦት ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ የጎርፉን መንገድ በእግሯ አቋርጣ ደረሰች። አጠር ያለች፣ ፀጉሯ ገብስማ ሴት ናት። ሰላምታ ሰጥታ በቀጥታ ወደ ታችኛዋ ክፍል ወረደች። ሳሎን ያሉት ድምፅዋን ይሰማሉ።

«አፍንጫህን ምን አስያዘህ?» አለችው አብሯት የወረደውን ጸሐፊ።

«ፍሳሽ ነው ብዬ ነዋ።»

«እስቲ ልቀቀውና ንገረኝ። ምን ይሸታል?»

«ምንም» አለ ጸሐፊው።

«ግድግዳውስ? የውሃው ልክ የቆመበት ላይ ጣትህን አሂድ።»

«ርጥብ ነው።»

«ርጥብ ብቻ። ስብ የለ፣ ጭቃ የለ፣ ወረቀት የለ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። እኛ ውሃውን ጥሩ ሆኖ አገኘነው፤ የቀረን ነገሩ ነው።»

ወደ ላይ ስትመለስ ዓይኗ መጀመሪያ መምህሩ ላይ አረፈ። የግራ ጉንጩ ሙልጭ ብሏል፤ የቀኙ ጢሙን እንደያዘ ነው።

«መምህር፣ የዘንድሮ ፋሽን ነው?»

«ውሃ ነው የጎዳኝ» አለ መምህሩ በሃፍረት ጉንጩን ሸፍኖ። «ከትምህርት ቤት ገብቼ ጢሜን ስላጭ ቧንቧው ጭጭ አለ። አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።»

«የውሃ ታንከሩ አልነበረም?»

«ነበረ እንጂ። አምስት ሺህ ሊትር። ቀትር ላይ ሞልቶ ሲፈስ ያየሁት ነው፤ ለምሳ ስመጣ።»

«ስትገባስ ቆርቆሮዋ ምን ትል ነበር?»

«ክፍት። ዝግ ብትል ቧንቧ እከፍታለሁ? ጋሼ ያንን ሕግ ከፊደል በፊት ነው ያስቆጠሩን።»

እትዬ በለሆሳስ፣ «አስተውለህ ያየህ አይመስለኝም» አሉ።

«እትዬ፣ እኔ በቀን ሃምሳ ደብተር የማርም ሰው ነኝ። ያነበብኩትን አውቃለሁ።»

መርማሪዋ ወደሳቸው ዞረች። «እርስዎስ የት ነበሩ?»

«አልጋዬ ላይ። ራሴን አሞኝ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ተኝቼ ነበር። በሩ ሲሰበር ነው የነቃሁት።» እትዬ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ጣቶቻቸው በቁርጥማት እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል። «በነዚህ እጆች ምን ልሠራ ኖሯል? ያንን እጀታ ለማዞር የበሬ ጉልበት ይጠይቃል።»

«እውነት ነው» አለች መርማሪዋ። «ጋሼ ጠላት ነበራቸው?»

ልጁ፣ «ነገ ቤቱን ሊሸጡ ነበር» አለ። «ገዢው አፍርሶ መጋዘን ይሠራል ተብሏል።»

«ለኔም ነግረውኛል» አለ መምህሩ። «"አሥራ ሁለት ዓመት ከፍሳሽ ጋር ተዋጋሁ፤ አሁንስ በቃኝ" ነው ያሉኝ። ወር ሰጥተውን ነበር።»

«እንግዲያው አራታችሁም ጎዳና ልትወጡ ነበር ማለት ነው» አለች መርማሪዋ። «አንተስ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ከሰዓት በኋላ የት ዋልክ?»

«ከተማው ማዶ፣ የሕንፃ ሥራ ላይ። አሥራ አንድ ሰዓት ነው የገባሁት። አለቃዬን ይጠይቁት።»

ስልክ ተደወለ፤ አለቃው እውነት ነው አለ። «ቀኑን ሙሉ ጣራ ሥር አብረን ነበርን፤ ምነው፣ ምን አጠፋ?»

እናትየው ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻለችም። ተነሣች። «ለብቻዎ የምነግርዎ አለ።»

«እማ?» አለ ልጇ። «አንቺ ደግሞ ምን ልትዪ ነው?» አሉ እትዬ።

ወደ መተኮሻ ክፍሏ ገቡ። ከገመዱ ላይ የሰው ሸሚዞች ተንጠልጥለዋል። እናትየው በሩን ዘግታ ተደገፈችው።

«ልጄን ልቀቁት። ቫልቩን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

«ይቀመጡ እናቴ። እንዴት ሰበሩት?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ደረጃው ጋ አለፍኩ። ቆርቆሮዋ ላይ ካርቶን ተንጠልጥሎባታል። ዝጊ ይላል። እኔ ነኝ ያነበብኩት፤ ዝጊ። ጋሼ እግራቸው ከታመመ ወዲህ ያገኙትን ሰው ነው የሚያዝዙት፤ እጄ ጠንካራ ስለሆነ እኔን ያዘዙ መሰለኝ። ሄጄ እስኪቆም ድረስ አዞርኩት። ቆርቆሮዋን የሚያገላብጧት ጋሼ ራሳቸው ስለሆኑ እሷን አልነካኋትም። ኋላ ይህ ሁሉ መዓት ሲወርድ ቆርቆሮዋን ባያት ካርቶን የለ፣ ምን የለ። የምትለው ዝግ ነው።»

«እና?»

«እናማ ካርቶን ያየሁ መስሎኝ ቆርቆሮዋን ራሷን አሳስቼ አንብቤያለሁ። መምህሩ ሁልጊዜ ይነግረኛል፤ "እማማ፣ ጊ ጫማ አላት፣ ግ ባዶ እግሯን ናት" ይለኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማታው እየተማርኩ እሷኑ እደባልቃለሁ። ዝግ የሚለውን ዝጊ ብዬ፣ የተዘጋውን እንደገና አጥብቄ፣ ውስጡን ሰብሬዋለሁ። በዚያ ገብቶ ነው ፍሳሹ።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ከታች ሲንኳኳም ሰምቻለሁ። ዝናቡ ጣራውን ሲደበድበው ቧንቧው ነው የሚያንኳኳው ብዬ መተኮሴን ቀጠልኩ።»

«ስንት ዙር አዞሩት?»

«ምን?»

«እጀታውን። ይቆጥራሉ?»

«አሥራ አንድ። የማደርገውን ሁሉ እቆጥራለሁ፤ ልማድ ነው።»

«ካርቶኑ ላይ ከዝጊ ሌላ ቃል ነበረበት?»

«የለበትም። እሷው ብቻ።»

«እናቴ፣ አሁን ሳሎን ስንመለስ ይህን ለማንም አይናገሩ። ለልጅዎም። የምጠይቅዎትን ብቻ ይመልሱ።»

መርማሪዋ ግን ወዲያው አልተመለሰችም። ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥታ ቆየች። እናትየው ሳሎን ተቀምጣ የእግሯን ኮቴ ቆጠረች፤ እትዬም ኮርኒሱን አንጋጠው አዩ።

ስትወርድ ሦስት ነጭ ወረቀት ይዛለች። ለመምህሩ፣ ለልጁና ለእትዬ አደለች። «ትንሽ ሥራ አለኝ። ዝናብ እየመጣ ነው እንበል፤ ቫልቩ ይዘጋ። የምታዝዙት እኚህን እናት ነው። እሳቸው እዚህ እንደሌሉ ቁጠሩና ማስታወሻ ተዉላቸው። አጭር ይሁን።»

«ይሄ ምን ጨዋታ ነው? ወንድሜ ታች ተጋድሞ» አሉ እትዬ።

«አንድ ቃል ይበቃል፣ እትዬ። ጣትዎን አላደክመውም።»

ጻፉ። መርማሪዋ ወረቀቶቹን ሰብስባ፣ ቆማ፣ አንድ በአንድ አነበበች።

«መምህሩ "እማማ፣ እባክዎ ቫልቩን ይዝጉት" ብሏል። ልጅ "እማ ዝጊው" ብሏል። እትዬ "ይዝጉ" ብለዋል።» ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። «አሁን አንድ በአንድ እንሂድ፤ ማንም አያቋርጠኝ።

«ታች የገባው ውሃ የከተማ ፍሳሽ አይደለም። የከተማ ፍሳሽ ግድግዳ ላይ ጥቁር ስብ ይተዋል፤ የዚህ ውሃ ግን ለመጠጥም አያሰጋም። ስለዚህ ቫልቩ አላሳለፈም። ይህ ልጅ የሠራው ሥራ እንከን የለበትም።»

ልጁ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ከውጭ ካልገባ ከውስጥ ነው። ቀትር ላይ ሞልቶ የነበረው ታንከር አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ደረቀ። አምስት ሺህ ሊትር ውሃ የት ገባ? ቫልቩ ሲዘጋ ከዚህ ቤት የሚደፋ ውሃ መውጫ ስለሌለው በመጀመሪያው ቀዳዳ ይገነፍላል። ዝቅ ያለው ቀዳዳ ደግሞ የጋሼ ክፍል ወለል ላይ ነው። ይህንን ማንም መሐንዲስ ሳይጠየቅ የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ጋሼ ራሳቸው አስተምረውታል።»

«ማን ዘጋው ታዲያ?» አለ መምህሩ።

«እናታችን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በካርቶን ታዝዘው። እሳቸው "ዝግ" የሚለውን አሳስቼ ነው ያነበብኩት ብለው ሲቃጠሉ ነው የዋሉት። መምህር፣ የተዘጋ ቫልቭ ስንት ዙር ይዞራል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ልጁን ይጠይቁት።»

«ምንም አይዞርም» አለ ልጁ። «ክፍት ከነበረ አሥራ አንድ።»

«እሳቸው አሥራ አንድ ቆጥረዋል። እንግዲህ ሲያዞሩት ክፍት ነበር። ክፍት በሆነ ቫልቭ ላይ ቆርቆሮዋ ዝግ አትልም። መምህሩም ከዚያ በኋላ ሲገባ "ክፍት" የሚለውን አንብቧል፤ ካርቶኑ ተነሥቶ ሥሩ የነበረው ነው የታየው። እናቴ፣ አላሳሳቱም። ያነበቡት ዝጊ፣ የተጻፈውም ዝጊ ነው። ቆርቆሮዋን ወደ ዝግ ያዞራት ሰው በኋላ፣ ሞቱ ሲሰማ፣ ግርግር ውስጥ ነው ያዞራት። ጥፋቱ ወደ ቫልቩ እንዲዞር።»

እናትየው ቃሉን ለራሷ ደገመችው፤ «ዝጊ»።

«ዝጊ ማን ይላቸዋል?» ቀጠለች መርማሪዋ። «ሰፈሩ እንደሚያውቀው ጋሼ ለድመት እንኳ እርስዎ የሚሉ ነበሩ። መምህሩ እባክዎ ይላል። ልጃቸው ይላቸዋል፤ ነገር ግን ቀኑን ከተማው ማዶ ነበር። ይህን ሳሎን ከገባሁ ጀምሮ አንቺ ሲሏቸው የሰማሁት ሌላ አንድ ሰው ነው።»

«አንቺ ማለት ወንጀል ሆነ?» አሉ እትዬ።

«አልሆነም። እንደ ልማድዎ "ዝጊ" ብለው ቢጽፉ ኖሮ ምንም ባልያዝኩ። ስንት ዓመት አንቺ ሲሏቸው ኖረው ዛሬ ወረቀት ላይ ብቻ አንቱ አሏቸው። ስለ ካርቶኑ እስክናገር ድረስ ቃሉን የምናውቅ ሁለት ነበርን፤ እሳቸውና እኔ። አንቺ ማለት ዛሬ አደገኛ መሆኑን ለእርስዎ ማን ነገረዎት?»

እትዬ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀታቸውን ገለበጡት።

«በመምህሩ ግድግዳ ውስጥ የሚወርደው ቧንቧ የሚመጣው ከእርስዎ መታጠቢያ ቤት ነው» አለች መርማሪዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መምህር፣ ስትላጭ ምን ሰማህ?»

«ሲንዶቀዶቅ» አለ መምህሩ ፊቱ ገርጥቶ። «ዝናቡ መስሎኝ።»

«ላይ ወጥቼ አየሁት። የገንዳውም፣ የሲንኩም፣ የሻወሩም ቧንቧ እስካሁን እንደተከፈተ ነው፤ ውሃው ስላለቀ መዝጋቱ ተረሳ። በጣት የሚዞር አይደለም፣ በመዳፍ የሚገፋ ነው። ቫልቩን ማዞር አይችሉም ነበርና ጠንካራ እጅ ተዋሱ። ቧንቧውን ግን ይችላሉ።»

እትዬ የተጣመሙ ጣቶቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አነባበሩ። ሲናገሩ ለመርማሪዋ አልነበረም፤ ለእናትየው ነው።

«ወረቀቶቹን ነበር የፈለግኩት። የቤቱን ካርታ፣ ውሉን፣ ያንን ሁሉ ታች ነው የሚያስቀምጠው። ይበስብስ፣ ሽያጩ ይቅር ብዬ። ሠላሳ ዓመት አብስዬ አጥቤ ያቆየሁት ቤት ነው። እኔን የት ሊያደርሰኝ ነበር? "ለአንቱ አንድ ክፍል አይጠፋም" አለኝ። ለገዛ እህቱ። አንቱ።»

«ሲያንኳኩስ?» አለች እናትየው።

«ሰማሁ።»

«እኔ ቧንቧ መስሎኝ ነው። እርስዎስ?»

ጸሐፊው እትዬን ሊደግፋቸው ሲጠጋ በክርናቸው ገፉት፤ ከዚያ ግን ብቻቸውን መነሣት አቃታቸውና ክንዱን ያዙ።

ሲመሽ ጎርፉ ጎደለ። ሬሳውም፣ እትዬም ተወሰዱ። ጸሐፊው የእናትየውን ቃል ጽፎ ጨርሶ መዝገቡን ወደሷ ገፋ፤ የጣት ቀለሙንም አጠገቡ አኖረ።

«እዚህ ጋ አውራ ጣትዎን።»

«ላንብበው» አለች።

«ረጅም ነው እኮ እማማ። መንገድ አለብን።»

«ላንብበው።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እናትየው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ፣ ጣቷን ከቃል ቃል እያሻገረች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ልጇ ከኋላዋ ቆሟል። አንድ ቦታ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ይኼ ምንድን ነው? "ቫልቩ በአሠራር ጉድለት ፍሳሽ በማሳለፉ"።»

«እሱ መጀመሪያ፣ እትዬ ሲናገሩ የጻፍኩት ነው። በሚቀጥለው ገጽ ተስተካክሏል።»

«የሚቀጥለውን ገጽ የማያነብ ሰው ይኖራል። ሰርዘው።»

ጸሐፊው መርማሪዋን አየ። መርማሪዋ ግን ኮርኒሱን ነበር የምታየው። ብዕሩን አነሣና መስመር ጎተተበት። እናትየው መስመሩ የመጨረሻዋን ፊደል እስኪያልፍ ድረስ ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አላነሣችም። ከዚያ የጣት ቀለሙን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ብዕሩን ተቀበለችው።